የመሳቢያው ንግሥቶች

ሰፈሩ «ሙሽሪት» ይላታል። ስሙ የወጣላት ቀለበት ያሰረች ሰሞን ነው፤ ያኔ ሲጠሯት ፊቷ ይበራ ነበር። ዓመት ሲደገም ፈገግ ብሎ ማለፍ መጣ። በስድስተኛው ዓመት ግን ባለ ሱቁ «ሙሽሪት፣ እንዴት አደርሽ?» ባላት ቁጥር ስሙ ጫማዋ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁራት ጀመር፤ መንገድ መሀል ቆሞ ጫማ ማራገፍ ደግሞ ያሳፍራል።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። አለቃዋ ከፊት ሆነው ደንበኛ ያስተናግዳሉ፤ እሷ በመጋረጃ በተከለለችው የጀርባ ክፍል ሌንስ ትሞርዳለች፣ የተጣመመ ፍሬም ታቃናለች፣ ለዓይን የምታስቸግር ብሎን በወረንጦ ይዛ ቦታዋ ትመልሳለች። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን የሚፈልግ ሰው ናቸው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች።

እጮኛዋ ቀያሽ ነው። አዲስ መንገድ ከመጠረጉ በፊት ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ መሬቱን የሚለካው እሱ ስለሆነ፣ የወሩን አብዛኛውን ከከተማ ውጭ ያሳልፋል። ሲመጣ ጫማው ጭቃ፣ አፉ ማር ነው። ከአባቷ ጋር ስለ ሞተር ሲያወራ ቤቱ ይሞቃል፤ የፈሰሰ ቧንቧ ያጠብቃል፤ ሳይጠሩት ሳህን ያጥባል። ማንም «ይህ ሰው ምን ጎደለው?» ብሎ ቢጠይቃት የምትመልሰው አልነበራትም። የሰርጉ ነገር ሲነሳ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ ትንሽ ትሻላት» ይላል። የእናቱ ልብ ደካማ ነው። ድንገተኛ ነገር፣ ደስታም ቢሆን፣ አይስማማቸውም። ሙሽሪት ያየቻቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ አብሯት ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ እናትየው ፊታቸውን ቋጠር አድርገው እጇን በጣታቸው ጫፍ ጨብጠው ዝም ብለዋል። «ሕመሙ ነው» አላት ሲወጡ። «ሰው ያደክማታል። ባትመላለሺ ይሻላል።» እሷም አልተመላለሰችም።

ጉንዳኖቹ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት ቀያሹ ከሥራ ቦታው መጣና ከሸሚዙ ኪስ ጣት የምታክል የመስታወት ቱቦ አወጣ። ቱቦዋ በጥጥ ለሁለት ተከፍላለች፤ ከጥጡ ወዲያ ውሃ፣ ከጥጡ ወዲህ አንዲት ክንፏን የዘረጋች ትንሽ ጥቁር ፍጥረት። አፏም በጥጥ ተወትፏል።

«ምንድነው? አሸን ነው?» አለችው።

«አሸን!» ቅር አለው። «አሸን ወገብ አለው? አሸን እኮ አራቱም ክንፉ እኩል ነው፣ ገላውም ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። ይቺን እያት፤ ወገቧ ክር ነው። የፊት ክንፎቿ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። አንቴናዋን አየሽ? እንደ ክርን ታጥፏል። ንግሥት ጉንዳን ናት።»

ከዚያ እንደ ልጅ እየተጣደፈ ነገራት። ንግሥቲቱ በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ትበራለች፤ አየር ላይ ትገናኛለች፤ ስትወርድ ክንፏን ራሷ ትነቅለዋለች። መሬት ቆፍራ ትገባና በሩን ከውስጥ ትደፍነዋለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪደርሱ ምንም አትበላም፤ ከእንግዲህ የማትፈልገውን የክንፏን ጡንቻ እያቀለጠች ትኖራለች። ቱቦው ያንን ጉድጓድ የሚተካ ነው። ስልኩ ላይ የእሱ ዓይነት ሰዎች የተሰባሰቡበት ቡድን አለ፤ ንግሥት ይይዛሉ፣ ዓይነቷን ይለያሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ፎቶ ይለዋወጣሉ።

«እና የት ልታስቀምጣት ነው?»

«እሱ ነው ችግሩ። እኛ ቤት አይሆንም፤ እማዬ ጉንዳን ካየች ልቧ ቀጥ ይላል። አንቺ ጋ ትቀመጥልኝ፣ የኔ ቆንጆ። ጨለማ ብቻ ነው የምትፈልገው። አደራ።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉ አባቷ ከሶፋቸው። «ልጄ፣ ሰው እኮ አደራ ሲቀበል እህል ነው፣ ቢበዛ ላም። አንቺ ተባይ ተረከብሽ።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ከአንዷ ንግሥት በኋላ ሌላ መጣች፣ ከዚያም ሌሎች። የቁም ሳጥኗ የላይኛው መሳቢያ የእነሱ ሆነ፤ ልብሷ ወደ ካርቶን ወረደ። ንግሥት መነቅነቅ አትወድም፤ ስለዚህ የልብስ ስፌት መኪናዋ ወደ ጓዳ ተባረረ፣ የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ ሆነ የሚዘጋው። ጎረቤት የፀረ ተባይ መርጫ ስለሚጠቀም መስኮቱ ተዘጋ፤ ተዘግቶም ቀረ። የግድግዳው ቀለም ተልጦ ነበር፤ ግን የቀለም ሽታ ይገድላቸዋል ተብሎ ሳይቀባ ቀረ። አባቷ የሬዲዮናቸውን ድምፅ ቀነሱ። ቀያሹ ከሄደበት እየደወለ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያ ስለ እሷ ጤና፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ስለ እነሱ። የራሷ ክፍል ውስጥ በጣቷ ጫፍ የምትራመድ ሴት ሆነች። አንዳንዴ ጠዋት ስትነሳ የታፈነው አየር ደረቷ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

ጠልታቸው ቢሆን ነገሩ ባልከበደ። ግን ወደደቻቸው፤ ሳታስበው። የመጀመሪያዋ ንግሥት ሻጋታ ገብቶባት ስትሞት ማንም ሳያያት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ጥጡን በንጹሕ እጅ መጠቅለል፣ ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ተማረች። ለብሎን የምትጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ከሥራ ቤት እያመጣች በቀይ ብርሃን ታያቸዋለች፤ ቀይ ብርሃን አይረብሻቸውም። ቀያሹ ይደውላል፦

«ትናንት ያስቀመጥኩት ቱቦ ውስጥ ያለችው፣ ወገቧ ላይ ጉብታው አንድ ነው ሁለት?»

«ሁለት። ሁለተኛው ክብ ነው። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ትናንሽ እሾሆች አሏት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፀጉሯን ልቁጠርልህ?»

በዚያ በኩል ይስቃል። ያን ጊዜ ደስ ይላታል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ብዙ የሚያወሩት ይህንን ነበር፤ ስለ ወገብ፣ ስለ እንቁላል፣ ክንፍ ተነቅሎ ጠባሳው የት እንደቀረ። ስለ ሰርግ የሚወራው እያነሰ መሄዱን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

ከሁሉም የበለጠችው «እመቤቲቱ» ነበረች። ቀያሹ ከአንድ ድልድይ ሥር ያገኛት፣ ከሌሎቹ እጥፍ የምታክል፣ ደረቷ ሰፊ፣ ሆዷ ወርቅማ ንግሥት። ሲይዛት ክንፍ ነበራት፤ ቱቦው ውስጥ ነቀለችው። ለቡድኑ ፎቶ ሲልክ አንዳንዱ «ክንፍ መጣል ብቻ ተገናኝታለች ለማለት አይበቃም» ብሎት ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ቅናት ነው» አላት። እመቤቲቱ እንቁላል መጣሏን ስትነግረው ድምፁ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ድምፅ ነበር።

በዚያው ሰሞን አለቃዋ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

«ቅርንጫፍ ልከፍት ነው» አሏት። ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። «ሌላ ሰው አላምንም። አንቺ ያዢልኝ። ቤቱ ከላይ መኖሪያ አለው።»

ማሽኑን አጠፋች። ደስታው ከእግሯ ነው የተነሳው፤ ግን ወዲያው መሳቢያው ትዝ አላት። «ላስብበት፣ ጋሼ» አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ለቀያሹ ደወለች።

«እንዴ! አሁን? እንቁላል ላይ እያለች?» አለ። «በመኪና ብትናጥ እኮ እንቁላሏን ራሷ ትበላዋለች። ደግሞስ እኔና አንቺ ልንጋባ አይደል እንዴ? እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ? ትንሽ ታገሺ፣ እማዬ እየተሻላት ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ትንሽ ነዋ» አለና ሳቀ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ለአለቃዋ ይህንን መናገር አፈረች። እጮኛዬ ታገሺ አለኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ በጉንዳን እንቁላል ምክንያት ቀረሁ ማለት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ወዲያው አፏ ላይ የመጣውን አለች፦

«አባቴን ብቻውን ትቼ መሄድ አልችልም፣ ጋሼ። እየደከመ ነው።»

አለቃዋ «ወላጅ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ወጡ። ቅርንጫፉ ለወንድማቸው ልጅ ተሰጠ።

የእመቤቲቱ እንቁላል እጭ ሆነ፤ እጩ ወፈረና ቡናማ ጥቅልል ውስጥ ገባ። ሙሽሪት ጥቅልሉ ትልቅ መሆኑን አይታ ነበር፤ የመጀመሪያ ሠራተኞች እንደ ፍርፋሪ ትንንሽ መሆን ነበረባቸው። ምንም አላለችም። አንድ እሑድ ጠዋት መሳቢያውን ስትስብ የመጀመሪያው ወጥቷል። ማጉያውን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ክንፍ ነበረው።

ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ገላው ሰላላ ነው። ከጎኑ ሌላው ከጥቅልሉ ግማሹን ወጥቶ ይፍገመገማል፤ እሱም ክንፍ አለው። ጉዳዩን ታውቀዋለች፤ ቀያሹ ራሱ ነው ያስተማራት። ከወንድ ያልተገናኘች ንግሥትም እንቁላል ትጥላለች፤ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ግን ወንድ ብቻ ነው። ወንድ አይቆፍርም፣ ምግብ አያመጣም፣ ሕፃን አያጎርስም። ጥቂት ቀን ይኖርና ይሞታል። እመቤቲቱ እየተንከባከበቻቸው ነበር፤ አንዱን እየላሰች፣ ሌላውን ከጥቅልሉ እየጎተተች።

ቀያሹ በሚቀጥለው ቀን ደረሰ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ ቱቦውን ወደ መብራቱ አነሳ። ደጋግሞ አገላበጠው።

«ምናልባት ከዚህ በኋላ የሚወጡት ሠራተኞች ይሆናሉ» አለ በመጨረሻ።

«አይሆኑም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም ወንድ ናቸው። አልተገናኘችም። የድልድዩ ቀን አልበረረችም ማለት ነው፤ ወይም በራ ያገኛት የለም።»

«ሁለተኛ ዙር ትጥላለች። ያኔ ይታያል። ትንሽ ታገሺ።»

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «በአንድ ቤት ይህን ያህል ወንድ?» አሉ። «እና ማን ሊሠራ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀድሞ የሚስቀው ቀያሹ ነበር። አሁን ቱቦውን ቀስ ብሎ መሳቢያው ውስጥ መለሰና ዘጋው። «አታውጫት» አላት። «ዓይነቷ ብርቅ ነው። እንደ እሷ ያለች ሁለተኛ አላገኝም። እዚሁ ትቆይ።» ሊሄድ ሲል ግንባሯን ሳማት። ቆማ ሳመችው፤ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። መሳቢያው ውስጥ ያለችው አንድም ልጅ የማይሠራላትን ቤት እየጠበቀች ልታልቅ ነው፤ እሷም ይህንን እያየች ልትጠብቃት ነው።

በዚያው ሳምንት አባቷ የላላ መነጽራቸውን ለማስጠበቅ ወደ ሱቁ ሄዱ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ማሽኑ ላይ ስለነበረች አልሰማችም። ማታ እራት ሲቀርብ አባቷ ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አለቃሽ እግዜር ይስጥሽ ብለውሻል፤ ስለ እኔ» አሉ።

«ምን አሉህ፣ አባዬ?»

«‹ልጅዎ እርስዎን ትታ ላለመሄድ የሥራ ዕድሏን ተወች፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?› አሉኝ። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ይሰማል። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ልበል? ጉዳዩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።»

አንገቷን ደፋች።

«እኔ ደክሜያለሁ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ሽቅብ ቁልቁል እላለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። ከእኔ አንድ ቃል ሳትጠይቂ በሽተኛ አደረግሽኝ። ልጄ፣ መሄድ ካልፈለግሽ አልፈልግም በይ። እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ሰበብ መሆን ያስረጃል።»

ተነስተው ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡ፤ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሰበብ የሚለውን ቃል በሆዷ አመላለሰችው። ከዚያ በሰበብነት የሚነሱ ሌላ ሰው ትዝ አሏት፤ የእጮኛዋ እናት። ስለ እሳቸው ከአንድ አፍ ሌላ ከማንም ሰምታ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣች ቱቦዎቹን በሙሉ በፎጣ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ደረደረች፤ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በታክሲ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደች። ቀያሹ ሥራ ላይ ነበር። የእናቱን በር አንኳኩታ ስትጠብቅ፣ ይዤ በመጣሁት ድንጋጤ የሰው ልብ ላቆም ይሆን ብላ ፈራች።

በሩ ተከፈተ። የቀያሹ እናት እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው መዶሻ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ወንበር ላይ ወንበር ተደራርቧል፤ መጋረጃ ሊሰቅሉ ኖሯል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። ፊታቸው እንደ ድሮው ቋጠር አለ። «ምነው? አባትሽ አረፉ እንዴ?»

«አባቴ? ደህና ነው፣ እማማ። ምን ሆኖ?»

«እንዲያው ስትመጪ ጊዜ…» መዶሻውን አስቀመጡ። «አልጋ ላይ አይደሉ እንዴ?»

«ማን አለ?»

እናትየው በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላት። «ግቢ» አሉ።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሦስት ሻንጣዎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ የተቀመጠው አቧራ የቆየ ነው። ሳጥኑን ምን እንደሆነ ሳትነግራቸው መሬት ላይ አስቀመጠች። እናትየው ግን ክዳኑን አነሱ፤ አንዱን ቱቦ አውጥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ሙሽሪት ልትነጥቃቸው ብድግ አለች።

«እማማ፣ ልብዎ!»

«ልቤ ምን ሆነ?» ቱቦውን አገላበጡት። «ይህንንማ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቅበታል። በክብሪት ሳጥን እየያዘ አልጋዬ ሥር ይደብቅልኝ ነበር። እኔ ነኝ ስኳር የምሰጣቸው።»

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ለእናትየው የተነገራቸው ሙሽሪት የታመመ አባቷን ትታ ማግባት እንደማትፈልግ፣ ሰውም ሲመጣባቸው ሽማግሌው እንደሚረበሹ ነው። ለዚህ ነው ሄደው ያልጠየቁት። ለዚህም ነው ሁለት ጊዜ ስትመጣ ፊት የነሷት፤ ልጃቸውን አንጠልጥላ ያስቀረች ሴት አድርገው ነበር የሚያዩዋት። ትልቋ ሴት ልጃቸው ሌላ ከተማ ወልዳ «ነይልኝ» ካለቻቸው ሦስት ዓመቷ ነው። «አንቺ እስክትገቢ ብዬ ነው» አሉ ሻንጣዎቹን እያዩ። «‹እማዬ፣ እሷ እስክትመጣ ማን አለኝ?› ይለኛል። ልብስ ሲያስፈልገኝ ከሻንጣ አውጥቼ እለብሳለሁ፤ አጥቤ እዚያው እመልሳለሁ።»

ሙሽሪት ልታለቅስ ነበር የመሰላት፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው፣ ደረቅ ሳቅ። እናትየውም ጀመራቸው። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ፤ ከዚያ እናትየው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ክፉ ልጅ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ክፉ ቢሆንማ ድሮ በገባን ነበር።»

ስትነሳ ቀለበቷን ከጣቷ ለማውለቅ ታገለች። እናትየው እጇን ያዙ። «ለእኔ አትስጪኝ። ያሰረልሽ እሱ፣ የምትመልሽውም ለእሱ። ጉንዳኖቹን ግን ተያቸው፤ እስኪመጣ እኔ አያቸዋለሁ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ሳሟት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

ቤቷ ገብታ መስኮቱን ልትከፍት ሞከረች። ማጠፊያው ዝጎ አልላወስ አላት። አባቷ መጥተው ዘይት ጠብ አደረጉበት፤ ሁለት ሆነው ገፍተው ከፈቱት። ባዶው መሳቢያ ተከፍቶ ዋለ፤ ያን ቀን ልብሷን አልመለሰችበትም። እመቤቲቱን እያሰበች ሄዳ ልታመጣት ሁለት ጊዜ ጫማዋን አድርጋ አወለቀች።

ቀያሹ ሲመለስ እናቱን አላገኛቸውም። ሻንጣዎቻቸውን ይዘው ወደ ሴት ልጃቸው ሄደዋል። ለጉንዳኖቹ ውሃ ጨምረውላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አልብሰዋቸው ነበር። በማግስቱ ሙሽሪት ቤት መጣ። ሸሚዙ አልተተኮሰም፤ ጺሙ አድጓል። አባቷ ሰላምታ ሰጥተውት ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

ተቀመጠ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ተቀመጠ። «ቀን ቁረጪ» አለ። «የፈለግሽውን ቀን። በሚቀጥለው ወር ብትይ በሚቀጥለው ወር። ነገ ብትይ ነገ።»

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነው። ሲነገር ምን እንደምትል ስንት ጊዜ ተለማምዳው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሺ ማለት ቀላል ነበር። ሰፈሩ እሺ ይላል፣ ለሰርጉ ተገዝቶ የተቀመጠው ጨርቅ እሺ ይላል፣ ዕድሜዋም እሺ ይላል። እሺ ብትል ነገ ጠዋት ባለ ሱቁን ቀና ብላ ማየት ትችላለች።

«ለምን ዋሸኸን?» አለችው።

«አላውቅም» አለ። የዋሸ አልመሰላትም። «አንድ ጊዜ እንደ ቀልድ ነው ያልኩት። ከዚያ ሁላችሁም አመናችሁኝ፣ ሁላችሁም ደግ ሆናችሁ። እማዬ ጋ ስሆን ጥሩ ልጅ ነኝ፤ አንቺ ጋ ስመጣ ጥሩ እጮኛ ነኝ። ሜዳ ላይ ስሆን ደግሞ ማንም የለብኝም። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር።»

«እኔን ጎድቶኛል።»

«አሁን ገባኝ።»

«አሁን የገባህ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው።»

ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ እርጥብ ነው። «አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ መሰለኝ» አለች። «ግን ዛሬ እሺ ብልህ፣ ይህንን ቤት ለቅቄ እናትህ ለቀው የሄዱት ቤት እገባለሁ። አንተ ሜዳ ትወጣለህ። እኔ ደግሞ እዚያ ተቀምጬ ሌላ ነገር እስኪሻለው እጠብቃለሁ።» ቀለበቱን በሳሙና አውልቃ ኪሷ ይዛው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አላነሳውም። ሲወጣ በሩን በልማድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው። ቀለበቱን በሌላ ቀን አባቷ ወስደው ሰጡት።

ሰፈሩ ብዙ አወራ። «ስድስት ዓመት ጠብቃ ሊያገባት ሲል እምቢ አለች» ተባለ፤ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። ከሰው ጋር ላለመገናኘት በጀርባ መንገድ ወደ ሥራ መሄድ ያዘች። ክፍሏ ተቀብቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ እንኳ አንዳንድ ጠዋት ያ የታፈነ አየር ደረቷ ላይ ሆኖ ትነቃለች። እንዲህ ሆና ከረመች።

በመጨረሻ አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጣ ወደ ፊት ክፍል ወጣች። «ጋሼ፣ የቅርንጫፉን ነገር የነገርኩዎት እውነቱን አልነበረም» አለች። «አባቴ ደህና ነው። ፈርቼ ነው የቀረሁት። አሁን የሚሆን ቦታ ካለ እሄዳለሁ።»

አለቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት። «ኃላፊነቱ እኮ ተይዟል» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ትንሽ ያዝዛል፣ ትንሽ ይጮሃል። ሌንስ የሚሞርድ ያስፈልገዋል። ከላይ ያለውን ቤት እሱ ገብቶበታል፤ ኪራይ ራስሽ ትፈልጊያለሽ።»

«ይሁን» አለች።

በሄደችበት ጠዋት አባቷ ሻንጣዋን ተሸክመው አውቶቡስ ተራ ድረስ አጀቧት። እሷ ትኬቷን ስታሳይ እሳቸው የአውቶቡሱን ጎማ እየዞሩ በእግራቸው መቱ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ጭነት የታሰረበትን ገመድ አይተው ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቁ፤ አስፈትተው እንደገና አሳሰሩት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል መጡ።

«ጎማው ደህና ነው» አሉ። «ሹፌሩ ግን ሲያዛጋ አይቼዋለሁ። ከፊት ሄደሽ ተቀመጪና አናግሪው። እንቅልፍ ከወሬ ይሸሻል።»

«አባዬ፣ መድኃኒትህን…»

«ጀመረች ደግሞ» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ። አውቶቡሱ እስኪነሳ አልጠበቁም። ሰው መሀል ገብተው ሲሄዱ አየቻቸው፤ ዞር አላሉም፤ ትከሻቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር። ልትወርድ ፈለገች። እጇ የወንበሩን ብረት ይዞ ቀረ።

ሞተሩ ሲነሳ ከመሀል ተነስታ ከሹፌሩ ጀርባ ወዳለው ወንበር ሄደች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ አዛጋ።

«እንቅልፍ አላገኘህም?» አለችው።

«ምን አገኛለሁ፣ እህቴ» አለ መሪውን እየጠመዘዘ። «መንታ ተወልዶልኝ…»

«መንታ! ወንድ ነው ሴት?»

ሹፌሩ ፊቱ በራ፤ ማውራት ጀመረ።